በፕላዝማ ታክሞም ለሚለቅ የኮምፖዚት መጋጠሚያ፦ ከጽዳት እስከ ሽብልቅ ፈተና

ሁለት የካርቦን ፋይበር ቁራጮች በኢፖክሲ ተጣብቀዋል። መጋጠሚያው ያምራል። ክፍተት የለውም። ጠርዙ ላይ የወጣው ማጣበቂያም እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ቀጭን ስለት ስታስገቡበት ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይነሳል። ማጣበቂያው በሙሉ አንዱ ገጽ ላይ ቀርቷል፤ ሌላው ገጽ እንደ መስታወት ያበራል።

እዚህ አዳማ ድሮን የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚያሳዩኝ ይህንኑ ነው። "ፕላዝማ አሳልፈንበት ነበር እኮ!" ይሉኛል። (ፕላዝማ በኤሌክትሪክ የተነቃቃ ጋዝ ነው፤ ገጹ ማጣበቂያ እንዲይዝ ከማጣበቅ በፊት ይነፋበታል።) አምናቸዋለሁ። እኔም ያጣበቅሁት የመጀመሪያ ክንፍ እንዲሁ ነው የለቀቀው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ፕላዝማው ከመብራቱ በፊት ባለው ጽዳትና ከጠፋ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ላይ ነው።

ፕላዝማ የሚነካው የገጹን የላይኛውን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ኦክስጅን ያላቸው ኬሚካላዊ ቡድኖች ይፈጠራሉ፤ ማጣበቂያውም ገጹ ላይ በደንብ ይዘረጋል። ስስ የሆነ የዘይት ቅሪት ያቃጥላል። ወፍራም ቆሻሻ ግን አያነሳም። ሲሊኮን ሲያገኝ ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል፦ የላይኛውን ክፍል ብርጭቆ መሰል ሽፋን ያደርገዋል። ያ ሽፋን ውሃ ይወዳል። ስለዚህ ንጹሕ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ሲሊኮን ግን አሁንም አይያዝም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

ይህ መመሪያ ለምን ሥራ ነው?

ለመለማመጃ ናሙናዎች፣ ሰው ለማይጭኑ ትናንሽ ድሮኖችና ለትምህርት ፕሮጀክቶች ነው። ሰው የሚሳፈርበት አውሮፕላን አካል ላይ አትሞክሩት። ያ ሥራ የሚሠራው በጸደቀ የጥገና ማኑዋል፣ ፈቃድ ባለው ድርጅትና ባለሙያ ብቻ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። አልትራሳውንድ ክፍተትና አየር ያሳያል፤ ተነካክቶ ያልተያያዘን መጋጠሚያ ግን ድምፁ አልፎት ይሄዳል። ከተጣበቀ በኋላ ሳትሰብሩ ጥንካሬውን የምትለኩበት አስተማማኝ መንገድ የለም። ዋስትናችሁ ሂደቱ ራሱ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

በእጅ የሚያዝ የፕላዝማ መሣሪያ፣ ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ነጭ ብናኝ የማይተው ጨርቅ፣ 180 እና 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ አሲድ የሌለበት ዲስቲልድ ውሃ፣ የብርጭቆ ጠብታ መጣያ፣ ለብናኝ የሚሆን ማስክና መነጽር።

ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚሳሳትባቸው አራት ናቸው።

አልኮሉ፦ ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ አልኮል ውሃ አለበት። የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ግሊሰሪን አለው። ሁለቱም አይሆኑም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ "አሴቶን ነው" ብላችሁ አትጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ዘይትና ሽቶ ይጨመርበታል።

ጠብታ መጣያው፦ የመርፌ ሲሪንጅ አትጠቀሙ። የፕላስቲክ ሲሪንጅ ውስጡ እንዲንሸራተት በሲሊኮን ይቀባል። የምትፈትኑበት ዕቃ ራሱ ይበክላችኋል።

መጠቅለያው፦ የጸዳ ቁራጭ ፌስታል ውስጥ አታስገቡ። ፌስታሉ ሲመረት የሚገባበት ማንሸራተቻ ወደ ገጹ ይተላለፋል። በአልኮል የተጠረገ የብረት ሳጥን ውስጥ፣ የሚጣበቀው ገጽ ምንም ሳይነካው አስቀምጡ።

ኮምፕረሰሩ፦ መሣሪያችሁ የታመቀ አየር የሚፈልግ ከሆነ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ብቻውን አይበቃም። ጎማ ለመንፋት ጥሩ ነው። አየሩ ግን ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል። የውሃ መለያና የዘይት ማጣሪያ ግጠሙለት። ከዚያ ንጹሕ መስታወት ላይ ለ1 ደቂቃ ንፉበት። ጭጋግ ወይም ቅባት ከታየ ሥራ አትጀምሩ። ታንኩን ከሥር ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ፤ ማጣሪያውን ቀይሩ፤ እንደገና ፈትኑ።

ቦታውን አዘጋጁ

የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ነው። የነፋስ ተርባይኖቹን ያሽከረክራል፤ እኛን ደግሞ አቧራ ያስቅመናል። (የተርባይኖች ምላጭም በአብዛኛው ሁለት የፋይበር ግላስ ቅርፊቶች በማጣበቂያ ተገጥመው የሚሠራ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም።) ነፋስ ሳይነሳ ማለዳ ሥሩ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፤ በሌላው በኩል ማራገቢያ ወደ ውጭ እንዲያወጣ አድርጉ። ፕላዝማ ኦዞንና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያመነጫል። የሚቆጠቁጥ ሽታ ከሸተታችሁ አየሩ እየወጣ አይደለም ማለት ነው። አቁሙና ውጡ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሲሊኮን ስፕሬይ፣ ጎማ ማብለጫ፣ የሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ሰም አይግባ። ቅባት፣ ሎሽን፣ ቫዝሊን የተቀባ እጅም እንዲሁ። መጀመሪያ በሳሙና ታጠቡ፣ ከዚያ ጓንት አድርጉ። ፀጉራችሁን ወይም ስልካችሁን ከነካችሁ ጓንቱን ቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ምስክር ናሙናዎች ቁረጡ

ከዋናው አካል ጋር አንድ ዓይነት ሬዚን (ፋይበሩን የሚያያይዘው ፕላስቲክ)፣ አንድ ዓይነት ፋይበርና አንድ ዓይነት የሞልድ ማስለቀቂያ (አካሉ ቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ሰም) ያለበት ጠፍጣፋ ሳህን ሥሩ። 25 ሚሊሜትር በ100 ሚሊሜትር እያደረጋችሁ ቢያንስ 16 ቁረጡ። እነዚህ ከዋናው አካል ጋር እኩል ይታጠባሉ፣ እኩል ይታሻሉ፣ እኩል በፕላዝማ ይታከማሉ። "ናሙና ማባከን ነው" የሚል አለ። የሚባክነው ክንፉ ነው።

ሲቆረጥ የሚወጣው የካርቦን ብናኝ ሳንባም ቆዳም ይጎዳል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ኮምፒውተርና የፕላዝማው መሣሪያ ባሉበት ክፍል አትቁረጡ።

ደረጃ 2፦ ከማሸት በፊት ጥረጉ

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ይሄዳል። ስህተት ነው። ላዩ ላይ ያለውን ሰም እያሻችሁ ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ።

ሁለት ጨርቅ ያዙ። አንዱን በአልኮል አርጥቡ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፤ ወደ ኋላ አትመልሱ። አልኮሉ ራሱ ሳይተን በሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ አንሱት። ዋናው ምስጢር ይሄ ነው። አልኮሉ ገጹ ላይ ከደረቀ ያሟሟውን ቅባት እዚያው መልሶ ይተወዋል። በእያንዳንዱ መጥረግ የጨርቁን ንጹሕ ገጽ ገልብጡ። ደረቁ ጨርቅ ምንም ምልክት እስከማያነሳ ድረስ ድገሙ። ጨርቁን ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩ፤ አልኮሉን ጨርቁ ላይ አፍስሱ።

አካሉ ሲሠራ ፒል ፕላይ (ሬዚኑ ሳይጠነክር ላዩ ላይ ተደርጎ ኋላ የሚላጥ ጨርቅ) ከነበረው አሁን አንሱት። ፒል ፕላይ የነበረበት ገጽ ሸካራ ስለሆነ ብቻ "ዝግጁ ነው" አትበሉ። አንዳንዱ ጨርቅ ራሱ ማስለቀቂያ የተቀባ ነው።

ደረጃ 3፦ እርጥበቱን አውጡ

ኢፖክሲ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ላይ የተቀመጠ ሳህን ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለ። በአምፖል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩት። በክፍል ሙቀት የጠነከረ ኢፖክሲ ከሆነ ከ50 ዲግሪ አትለፉ፤ ይለሰልስና ይጣመማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ላይበቃ ይችላል። ናሙናዎቹን ሁሉ አንድ ላይ በሚዛን ላይ አድርጉ፤ የአንዱ ብቻ ለውጥ በ0.1 ግራም ሚዛን ላይታይ ይችላል። ክብደታቸው መቀነስ ሲያቆም ደርቀዋል።

ደረጃ 4፦ ቀስ ብላችሁ እሹ

በ180 ጀምሩ፣ በ220 ጨርሱ። የምትፈልጉት ብልጭታው እንዲጠፋ ብቻ ነው። ጥቁር ፋይበር መታየት ከጀመረ አልፋችኋል። የተቆረጠ ፋይበር መጋጠሚያውን ያደክማል፤ ኋላም ፕላዝማው ብልጭታ እንዲዘል ይጋብዛል። ብናኙን በቫኪዩም ሳቡ። ከዚያ ደረጃ 2ን ከመጀመሪያው ድገሙ።

ደረጃ 5፦ የውሃ ፈተና፣ ከፕላዝማ በፊት

ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ከፕላዝማ በኋላ ነው የሚሠራው። በኋላም ይሠራል። ከበፊቱ ግን አትዝለሉት። ሲሊኮን ካለ ከፕላዝማ በኋላ ውሃው አያጋልጠውም ብያችኋለሁ። የሚያጋልጠው አሁን ነው።

ዲስቲልድ ውሃ በስሱ እርጩበት። ገጹን ዘንበል አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩ። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ሻሽ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው። ተሰብስቦ እንደ ጤዛ ኳስ ከሆነ፣ ወይም መሃል ላይ ደሴት የመሰለ ደረቅ ቦታ ከታየ ቆሻሻ አለ።

ኳስ ከሠራ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተለወጠ ምንጩን ፈልጉ። የእኔን ክንፍ ያበላሸው ከግቢው አጥር ማዶ ያለ ላቫጆ ነበር። ጎማ ማብለጫ ሲረጩ ነፋሱ በመስኮት ያስገባው ነበር። ሁለት ሳምንት አልኮሉን፣ ኢፖክሲውን፣ መሣሪያውን ስጠረጥር ከረምኩ። በመጨረሻ ንጹሕ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀን አስቀመጥኩ፤ ማታ ውሃ ስረጭበት ኳስ ሠራ። ይህን የመስታወት ዘዴ እናንተም ሞክሩት።

ፈተናውን ካለፈ ውሃውን በንጹሕ ጨርቅ አንሱና ለግማሽ ሰዓት ያህል በሳጥኑ ውስጥ አድርቁ።

ደረጃ 6፦ መሣሪያውን በናሙና ላይ አስተካክሉ

ይህን ከዋናው የማጣበቅ ቀን በፊት ጨርሱ።

የመሣሪያው ማኑዋል ርቀትና ፍጥነት ይሰጣችኋል። ከዚያ ጀምሩ፤ እንዳለ ግን አትቅዱት። አዳማ ከባህር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየራችን ስስ ስለሆነ ፕላዝማው በባህር ዳርቻ ከተማ እንደሚሆነው አይሆንም። ኮምፕረሰሩም የሚስበው አየር ያነሰ ነው።

የማኑዋሉን ርቀት ያዙ፤ ለምሳሌ 10 ሚሊሜትር ይሁን። በአምስት ናሙና ላይ ሥሩ። የመጀመሪያውን አትንኩት። ሁለተኛውን ሙሉውን 100 ሚሊሜትር በ2 ሰከንድ፣ ሦስተኛውን በ5፣ አራተኛውን በ10፣ አምስተኛውን በ20 ሰከንድ አሳልፉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉና ከጎን በስልክ ፎቶ አንሱ። ያልታከመው ላይ ጠብታው ቁልል ብሎ ይቆማል። በደንብ የታከመው ላይ ጠፍጥፎ ይተኛል።

አሁን ተጠንቀቁ። ጠብታው በ5 ሰከንድም፣ በ10ም፣ በ20ም እኩል ከተኛ ፈጣኑን ምረጡ። ብዙ ማከም ይሻላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ጥፋት ነው። ከመጠን ሲያልፍ የሬዚኑ ሰንሰለት ይቆራረጥና ገጹ ላይ የላላ ንብርብር ይቀራል። ውሃ በደንብ ይዘረጋበታል፤ ማጣበቂያው ግን ከላላው ንብርብር ጋር ተያይዞ ይነሳል።

በመረጣችሁት ፍጥነት ሌሎች ሁለት ናሙናዎችን ሁለት ሁለት ጊዜ አክሙ፤ አጣብቃችሁም በደረጃ 9 የሽብልቅ ፈተና ፈትኗቸው። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ይጠቅማችኋል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 7፦ ዋናውን አካል አክሙ

ኢፖክሲውን፣ ሚዛኑን፣ ማሰሪያዎቹን መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ሁለቱን አካላት ያለ ማጣበቂያ ገጥማችሁ ሞክሩ። ፕላዝማው ከጠፋ በኋላ ሞርሳ ፍለጋ መሮጥ የለም።

የአልኮል ጠርሙሱንና እርጥቡን ጨርቅ ከክፍሉ አውጡ። ይቀጣጠላል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ሰው አጠገብ አይቁም። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ማኑዋሉ እንደሚለው አካሉን ከመሬት ጋር አገናኙ።

ከአንድ ጫፍ ጀምሩ። ልብስ እንደሚተኩስ ሰው አትመላለሱ፤ እንደ ቀለም ቀቢ መስመር በመስመር ሂዱ። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ሲሶ ያህል ይደርብ። እጃችሁ ፍጥነት ካልጠበቀላችሁ በስልክ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚያሰማ መተግበሪያ) አብሩ። ከአጠገቡ ጥቂት ናሙናዎችን አብራችሁ አክሙ፤ ጠብታውን በአንዱ ላይ ፈትኑ፤ የቀሩትን ለደረጃ 9 ፈተና ከዋናው ጋር አብራችሁ ታጣብቃላችሁ። ዋናውን አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ በአፋችሁም አትንፉበት።

ጠርዝ ላይ ብልጭታ ከዘለለ ወዲያው አንሱ። ጠርዙን በሙቀት መቋቋሚያ ቴፕ ከልሉት። የቴፑ ሙጫ የሚጣበቀውን ገጽ እንዳይነካ ግን እዩ። ጠቁሮ የተቃጠለ ቦታ ካለ እዚያ ላይ አታጣብቁ፤ ከደረጃ 4 ጀምሩ።

ደረጃ 8፦ በ1 ሰዓት ውስጥ አጣብቁ

የታከመ ገጽ ጊዜ በሄደ ቁጥር ይደክማል። አየር ላይ ያለውን ሁሉ ይስባል። እኔ ከ1 ሰዓት አላሳልፍም። ነገ አጣብቀዋለሁ ብላችሁ ማታ አታክሙ።

ኢፖክሲና ሃርድነሩን (ማጠንከሪያውን) በሚዛን መዝኑ። ጣሳው ላይ ያለው ልኬት በክብደት ነው ወይስ በይዘት? ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም። ሰም የተቀባ የወረቀት ኩባያ አትጠቀሙ። ለ3 ደቂቃ ጎኑንና ሥሩን እየፋቃችሁ ቀላቅሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጡና ድገሙት። ግድግዳው ላይ የቀረ ያልተዋሐደ ሬዚን ፈጽሞ አይደርቅም።

ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመሥሪያ ጊዜው በግምት በግማሽ ያጥራል። ጣሳው 40 ደቂቃ የሚለው በ25 ዲግሪ ከሆነ፣ ክፍሉ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ሞቃት ቀን 20 ደቂቃ ብላችሁ ቁጠሩ።

ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀቡ፤ በስፓቱላ ጫን እያላችሁ። ከዚያ አንዱ ላይ መሃሉን ይዛችሁ መስመር አፍስሱ። ሲገጠም አየሩ ወደ ጎን ይወጣል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ እንዲሆን ጥቂት የብርጭቆ ዶቃ ዱቄት ቀላቅሉ ወይም ጫፍና ጫፉ ላይ ቀጭን ሽቦ አኑሩ። ሞርሳውን አታጥብቁት። ማጣበቂያው በሙሉ ተጨምቆ ከወጣ የሚይዝ ነገር አይቀርም። በዙሪያው ቀጭን መስመር ሲወጣ ይበቃል። 24 ሰዓት አትንኩት። ለፈተና ግን ሙሉ 7 ቀን ጠብቁ፤ ጣሳው ሌላ ካላለ።

ደረጃ 9፦ ናሙናውን ስበሩ

በእጅ ለመጎተት አትሞክሩ። 25 በ12.5 ሚሊሜትር የተደረበ መጋጠሚያ 312.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 10 ሜጋፓስካል ከቻለ 3,125 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 320 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለ የመጎተቻ ማሽን ካገኛችሁ አምስት ናሙና አስጎትቱ።

ማሽን ባይኖርም የሽብልቅ ፈተና አለ። ሁለት ቁራጭ ስታጣብቁ ጫፉ ላይ 20 ሚሊሜትር ሳይጣበቅ ተዉ። እዚያ ቀጭን የብረት ሽብልቅ በመዶሻ አስገቡና ስንጥቁ የቆመበትን በማርከር ምልክት አድርጉ። ናሙናውን ከነሽብልቁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አኑሩት። በየቀኑ አዲስ ምልክት አድርጉ፣ እስከ 5 ቀን። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ገንጥሉት።

ማጣበቂያው ሁለቱም ገጽ ላይ ካለ፣ ወይም ፋይበር ተቦጭቆ ከወጣ፣ ጥሩ ነው፤ ገጹ አሸንፏል። ማጣበቂያው አንድ ጎን ብቻ ቀርቶ ሌላው ካበራ፣ ማሽኑ ትልቅ ቁጥር ቢያሳይም እንኳ አትቀበሉት። ደረቅ ሆኖ ይዞ ውሃ ውስጥ የሚሮጥ ስንጥቅም ያው ነው።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*መብራት ፕላዝማው መሃል ላይ ጠፋ።* በ1 ሰዓት ውስጥ ከመጣ ሙሉውን ገጽ ከመጀመሪያው መስመር በተመሳሳይ ፍጥነት አክሙ። ይህ የሚሆነው በደረጃ 6 ሁለት ጊዜ የታከመው ናሙና በሽብልቅ ፈተና ከያዘ ብቻ ነው። ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

*ከፕላዝማ በኋላ በጣት ተነካ።* ቦታውን ብቻ መጥረግ አይሆንም። አልኮሉ ቅባቱን ወደ ጎን ያሰፋዋል። ሙሉውን ጥረጉ፣ አድርቁ፣ እንደገና አክሙ።

*ማጣበቂያው በማግስቱም ይለጠፋል።* ልኬቱ ተሳስቷል ወይም አልተዋሐደም። ማሞቅ አያድነውም። ገንጥሉት፣ ፍቃችሁ አንሱት፣ ከደረጃ 2 ጀምሩ።

*ገጹ የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፒክ (PEEK) ፕላስቲክ ነው።* ማሸት ብቻውን እነዚህን አያስይዝም፤ ፕላዝማ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው። የውሃ ፈተናውን ግን ከፕላዝማ በፊት አያልፉም፤ ንጹሕም ሆነው ኳስ ይሠራሉ። ለእነሱ በደረጃ 5 ፋንታ ንጹሕነቱን በጨርቁና በአጠገቡ ባስቀመጣችሁት መስታወት ፍረዱ።

*ናሙናው ያዘ፣ ዋናው አካል ለቀቀ።* ልዩነቱ ኩርባው ላይ ነው። ናሙናው ጠፍጣፋ ስለሆነ ርቀቱ አይለወጥም፤ ክንፉ ላይ ግን መሣሪያው ኩርባው ጋ ሲደርስ ይርቃል። የለቀቀው ቦታ ጥምዝ ጋ ከሆነ በ5፣ በ10 እና በ15 ሚሊሜትር ርቀት ሦስት ናሙና አክማችሁ ጠብታውን አወዳድሩ። 15ቱ ላይ ጠብታው ቁልል ካለ፣ ከካርቶን የርቀት መለኪያ ቁረጡና የመሣሪያው አንገት ላይ እሰሩት። የካርቶኑ ጫፍ የሚጣበቀውን ገጽ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ይንካ።